የባሕሩ ጌታ ስቅታ

ኦልድ ማሴት
ማክሰኞ ከሰዓት

ለእኅቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያምሽ የእጅ አንጓሽስ ተሻለሽ? ልማድ ስለሆነ ነው የጠየቅኩት። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ስለሌለ ሲነግረኝ ይውላል። እናትሽ ደህና ናት ይባላል። ይባላል የምለው ከሚያዝያ ጀምሮ አናግራኝ ስለማታውቅ ነው። በቤቷና በቤቴ መካከል አርባ እርምጃ አለ። መንገድ ላይ ስታየኝ ድንገት ባሕሩ ላይ የምታየው ነገር ይመጣባትና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆማለች። ድሮ ሳልሞን ስታጨስ የመጀመሪያውን የምትልከው ለእኔ ነበር። ዘንድሮ ጭራውን እንኳ አላየሁም። ይሄን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን የሥራሽን ፍሬ እንድታውቂው ነው።

ቅዳሜ ግብዣዬ ነው። የሟቹን አጎቴን ስም እይዛለሁ፤ ከቅዳሜ በኋላ የቤታችን አለቃ እኔ ነኝ ማለት ነው። በዚያው ቀን የአያትሽ ስም ይሰጣል። ላንቺ ታስቦ የነበረው ይኸው ስም ለታናሽ እኅቴ ልጅ ለሼልቢ ይሰጣል። ሼልቢ ብሩሽ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አታውቅም፤ ቢሆንም ማንንም አላዋረደችም። አንቺ እዚያ ከባሕሩ ማዶ ሩፐርት ተቀምጠሽ ለዓሣ ፋብሪካ የቆርቆሮ ምልክት ትስያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ይመችሽ።

ከዚያ የሥዕል ተረት መጽሐፍሽ ልጀምር። ስድስት ወር ሙሉ አፌ ላይ ይዤው ቆይቻለሁ፣ አሁን ይውጣ። አስቀያሚ መጽሐፍ ነው። ሰባት ዓመትሽ ሳለ ከቁርስ ካርቶን የዓይን ቅርጽ ቆርጬ ሰጠሁሽ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዙሪያውን እያዞርሽ እሱኑ ስትስዪ ነበር። ክንፍ ያስጀመርኩሽ በሁለተኛው ክረምት ነው። ጥቁሩ መስመር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ እንጂ አይቆረጥም ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ? ያን ሁሉ ተምረሽ ምን ሠራሽበት? በተረት የምናውቀውን ቁራን የጎማ ቦት ጫማ አደረግሽለት። አፉ ላይ የንግግር ፊኛ ሰቅለሽ እንደ ማሴት ጎረምሳ «ምን አባቱ!» አስባልሽው። ከሱቅ እየገዛሽ መጋዘኔ ውስጥ ከዝግባው ፍቅፋቂ ሥር የምትደብቂው የነዚያ ካባ ለባሽ በራሪዎች መጽሐፍ ነው እንዲህ ያደረገሽ። ያኔውኑ ምድጃ ውስጥ ልከታቸው ይገባኝ ነበር።

ገጹ ደግሞ እንደምንቀርጸው ምሰሶ ከታች ወደ ላይ ይነበብ አልሽ። እኛ እሺ፣ እናነበዋለን። ከመርከብ የሚወርደው ቱሪስት ግን ከላይ ይጀምርና የተረቱ ሰውዬ ገና ሳይሰጥም ይድናል፣ ከዚያ ይሰጥማል። አንዲት የቶሮንቶ ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ አቁማኝ እንዴት የሚያሳዝን መጨረሻ ነው አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኳት። በሥዕሎቹ ሳጥንና ሳጥን መካከል ያለውን ነጭ ክፍተትም አልወደድኩትም። እዚያ ውስጥ የሆነውን አንባቢው ራሱ ይሙላው ብለሽ በሬዲዮ ስታወሪ ሰምቻለሁ። ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ገጽ አሥራ አራት ላይ ታንኳው ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው ወፍራም አጎት ባርኔጣዬን አድርጓል። እኔ አይደለሁም ብዬ ብዙ ደከምኩ። አሁን የቅርጫት ኳስ ልጆቹ አዳራሽ ስገባ «ገጽ አሥራ አራት መጣ! ቦታ ልቀቁለት፣ ሊተኛ ነው!» ይሉኛል። የሱቋ ልጅ ሳትቀር ዕቃዬን እያሸገች «አደራ ገጽ አሥራ አራት፣ እንቁላሉ ላይ እንዳትተኛበት» አለችኝ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አራት ምሰሶ አቁሜያለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይሄ አስቀያሚ ነገር ተወደደልሽ። አርባ ዓመት ዝግባ ስፈልጥና ስቀርጽ ኖሬ፣ ከዋናው ምድር የመጣ ሰው መጋዘኔ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ «የካርቱኗ ሴትዮ አጎት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ነው። ከጀርባዬ ሁለት ዓመት የፈጀሁበት ሳንቃ ቆሟል፣ ዓይኑን እንኳ አይጥልበትም። ቅናት ነው ትይ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው። አንዴ ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

አሁን ወደ ሚያዝያው ልምጣ። መጽሐፉን በግብዣ ላይ ስጪ ያለሽ ማነው? ሱቅ አስቀምጠሽ ብትሸጪው ካርቱን ሆኖ ይቀር ነበር። አንቺ ግን አዳራሹን ሞላሽው፣ ሦስት መቶ ሰው አበላሽ፣ ከዚያ እንደ ካባ እንደ ብርድ ልብስ ለያንዳንዱ እጅ በእጅ አደልሽው። ስጦታ የተቀበለ ምስክር ነው፤ ምስክር ተቀብሎ ወደ ቤቱ የወሰደው ነገር ደግሞ ሕግ ይሆናል። ይሄንን ከእናትሽ ጡት ጋር ነው የጠባሽው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ ተረት የቤታችን ነው» ብለሽ ጽፈሻል። የንስሮች ወገን በሙሉ፣ የአባቴ ዘመድ ሁሉ፣ የገዛ ራሱን ተረት የእኛ የቁራዎቹ ነው ብሎ ሊመሰክር መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ኬክ ይበላ ነበር።

የሁሉም አያት ናኒ ቨርና ናት ቀድማ የገለጠችው። የአባቴ እኅት ልጅ፣ የንስሮቹ ትልቅ ሴት፤ እሷ ሳትስቅ የሚስቅ የላቸውም። ገለጠች፣ አየች፣ ከደነች፣ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፊቷ አራቀችው። አልቀበልም ማለቷ ነው።  ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ይሄን ተረት ማን ሰጠሽ?» አለችሽ።

አንቺ ወደ እኔ አየሽ።

ተነሳሁና እኔ አልሰጠኋትም አልኩ። ከነጮቹ የሙዚየም መጽሐፍ ለቅማ ነው፣ የዛሬ ልጆች መቼ ሽማግሌ ይጠይቃሉ አልኩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀልኝ። ስሜ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። እንዳይኖር ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ካርቱን ላይ ስሜ እንዲታይ አልፈልግም ብዬሽ ነበር። ያኔ ለዚህ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አልነበረም። ጠቀመኝ ግን። የሰው ተረት የወሰደ ሰው የአለቃ ስም አይሰጠውም፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አዳራሹ ውስጥ ኬክ የያዘ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

አንቺስ ምን አልሽ? «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሽ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞርሽ የሰጠሽውን እንዲመልሱልሽ ለመንሽ። በመስኮቴ አየሁሽ፤ ዝናብ ነበር፣ መጽሐፉን በልጆች ጋሪ ላስቲክ አልብሰሽ ትገፊ ነበር። በሰኔ ደግሞ ውርደቱን ለማጠብ ብለሽ ሌላ ግብዣ ደገስሽ። በእጅሽ የሳልሻቸውን ዋናዎቹን ገጾች፣ ሰማንያውንም፣ አንድ በአንድ ለንስሮቹ ሰጥተሽ ጨረስሽ። ያ የአራት ዓመት ሥራሽ ነበር። እኔ የቤቱ ትልቅ ነኝና ከጎንሽ ቆሜያለሁ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ የተበደለ ሰው መስዬ።

የምጠይቅሽ ይሄንን ነው፣ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ለምን ዝም አልሽ? ብትጮኺብኝ እጮህብሽ ነበር። ውሸታም ብትይኝ ውሸታም ብዬሽ እንካካድና ግማሹ ሰው ያንቺን፣ ግማሹ የእኔን ይዞ ይገባ ነበር። ያ ሰው የሚችለው ነገር ነው። አንቺ ግን አንድ ጊዜ ዓይኔን አየሽ፣ ከዚያ ጥፋቴን አንስተሽ እንደ ዕቃ ተሸክመሽልኝ ሄድሽ። ማን ተሸከሚልኝ አለሽ? እኔ ለምኜሻለሁ? ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያው ሐሳቤ አንቺን መርገም ሆኗል። እንደ ዘንድሮ የጠላሁሽ ጊዜ የለም። እናትሽ ያረገዘችሽ ጊዜ ሌሊቱን በጀልባ ማስታወኪያዋን ይዤ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ እንድትከፍይኝ ነበር?

ባለፈው ሐሙስ ናኒ ቨርና መጋዘኔ መጣች። ለቅዳሜ የሚሆነውን የእንጨት ሳጥን እያለሰለስኩ ነበር። ሳትጋበዝ ገባች፣ ፍቅፋቂውን በእግሯ ጠርጋ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ መጽሐፍሽን አወጣች። ምነው አልተመለሰም እንዴ አልኳት። «ምኑን ልመልስ? መች ተቀበልኩ?» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሲሄዱ አነሳሁት። ማንም የሰጠኝ የለም። የልጅ ልጆቼ አለቁበት፣ ይኸው ጥራዙ ተፈታ።»

ከዚያ ገልጣ አንድ ገጽ አሳየችኝ። ሰውየው ከባሕር በታች ተጋብዞ ሄዶ፣ የባሕሩ ጌታ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ስቅ የሚልበት ገጽ ነው። በያንዳንዱ ስቅታ ላይ ማዕበል ይነሳል፤ አንቺ ማዕበሉን ሳጥኑን ጥሶ ወደሚቀጥለው ሳጥን እንዲገባ አድርገሽዋል። እሱን እንኳ ደህና አድርገሽ ነው የሳልሽው።

«የባሕሩ ጌታ ለምንድነው ስቅ የሚለው?» አለችኝ።

ማን ያውቃል፣ ካርቱን አይደል አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «አባትህ በእናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦህ ሲተርትልህ፣ ድንቹን የዓሣ ዘይት ውስጥ እየነከረ ሲበላ አምሽቶ ነበርና ስቅታ ያዘው። ውሃ ጠጣ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ እምቢ አለው። ሲያቅተው ጊዜ የባሕሩም ጌታ እንዲሁ ስቅ አለው ብሎ ጨመረበት። እኔ ሳሕን እያጠብኩ ነበር። ስስቅ አንዱ አመለጠኝና እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ በፊት የባሕሩ ጌታ ስቅ ብሎት አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም የቤታችን ሰው እንደዚያ ብሎ ተርቶት አያውቅም። ስማ ልጄ፣ በየትኛው የሙዚየም መጽሐፍ ላይ ነው ያነበበችው?»

መሮዬን መሳል ጀመርኩ። ስለታም ነበር፣ ቢሆንም ሳልኩት።

ገና አዳራሹ ውስጥ ስትገልጠው ታውቅ ነበር ማለት ነው። ማን ሰጠሽ ብላ የጠየቀችው አንቺን አልነበረም። እየዋሸሁ ፊቴን ስታይ ቆየች፣ አንቺ ጋሪ ስትገፊ አየች፣ በሰኔ ገጾቹን ስትሰጫት ተቀበለች፤ ስድስት ወር ጠበቀችኝ። ቅዳሜ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት። 

«ምን አደርጋለሁ? እመጣለሁ፣ እበላለሁ» አለችኝ። «ካባውን ስትሰጠኝ እቀበላለሁ። ስሙ ያንተ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። እኔ የሰው ግብዣ አላበላሽም።» ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። በሩ ላይ ደርሳ «ልጅቷም አላበላሸችብህም» አለችና ሄደች። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። መጥታ አዳራሹ መሃል ብታዋርደኝ እመርጥ ነበር።

እንግዲህ የማታውቂውን ልንገርሽ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ።

አባቴ ከዚያ ስቅታ በኋላ አንድ ዓመት አልቆየም፤ በመጋቢት ወጥቶ ባሕር በላው። በእኛ ልጅ የእናቱ ነው። ስሙ፣ ቤቱ፣ ምሰሶው ላይ የሚቀረጸው እንስሳ፣ ተረቱ፣ ሁሉም በእናት ወንድም በኩል ይመጣል። የአባቴ ካባ ለእኅቱ ልጆች ሄደ። ጀልባው ለእኅቱ ልጆች ሄደ። መሮዎቹም እንደዚያው። ደንቡ ነው፤ ትክክል ነው፣ እኔም አላማረርኩም። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ያማርራል? ያ ተረት ግን ከነስቅታው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ፤ መጥቶ ሊወስደው የሚችል ሰው አልነበረም። ከአባቴ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሥር ዓመትሽ ሳለ ሃሊበት ዓሣ ልናጠምድ ወጥተን ሞተሩ የጠፋብን ቀን ትዝ ይልሻል? ነፋሱ እየጨመረ ነበር፣ አንቺ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኖ የጀልባውን ጠርዝ ይዘሽ ቀረሽ። የሞተሩን ካንዴላ እየፈታሁ፣ እያደረቅኩ፣ ተረቱን ነገርኩሽ። በመጀመሪያው ስቅታ አልሳቅሽም። በአራተኛው ሳቅሽ፣ ከዚያ ማቆም አቃተሽ። ሞተሩ ሲነሳ ምን አልሽኝ? «አጎቴ፣ የማን ተረት ነው?» አልሽኝ። በፍርሃት እየተንቀጠቀጥሽ እንኳ ደንቡን ታውቂ ነበር። የእኛ ነው አልኩሽ። ተሳስቼ አልነበረም። እያወቅኩ ነው። ለአንድ ሰው ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ የአባቴን ነገር፣ እኔ ለምወዳት ልጅ። የእኔ ስላልነበረ መስጠት አልችልም ነበር፣ ስለዚህ የእኛ ነው አልኩ።

ይሄን አንብበሽ እንባሽ እንዳይመጣ። ይቅርታ እየጠየቅኩሽ አይደለም። ይቅርታ በደብዳቤ አይላክም፤ ያልበላና ያልተቀበለ ሰው የሰማው ነገር እንዳልተባለ ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ጠግቦ፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር ተደርጎለት፣ ያኔ ቆመው የሚሉት ነው። አንቺ እንደዚያ አድርገሽዋል። እኔ ገና አላደረግኩትም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ የሞያ ጥያቄ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ስትይ እጅሽን የት ነበር ያደረግሽው? ወለሉን እያየሁ ስለነበር አላየሁሽም። ትናንት መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ ሞከርኩት። ቃሉስ ከስንት ሙከራ በኋላ ወጣ፤ እጄ ግን የሚገባበት ጠፋው። ኪስ ውስጥ ሲሆን ንቀት ይመስላል። አንጠልጥዬ ስተወው ደግሞ ሊዋኝ የተዘጋጀ ሰው መሰልኩ።

ለሼልቢ ስሙን ስትቀበል የምትለብሰውን ካባ መስፋት እንድታቆም ነግሬያታለሁ። እናቷ ልትበላኝ ደረሰች፣ «ምን ሆነህ ነው? ጨርቁ ተቆርጦ?» አለችኝ። ጨርቁ አይበላሽም አልኳት። ከዚህ በላይ አልተናገርኩም፣ አንቺም ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

ይሄ ደብዳቤ ነገ በሰው እጅ ይደርስሻል፤ የሐሙሱን መርከብ ያዢ። ነፋስ ስላለ የዓርቡ ሊቀር ይችላል። ሥዕልሽን አሁንም አልወደድኩትም፤ ያንን ባርኔጣም ከሰውየው ራስ ላይ አውርጂልኝ። አንቺ የእኔው ወገን ስለሆንሽ ተቀምጠሽ አትስተናገጂም፣ ካባ አትቀበይም፣ ምስክርም መሆን አትችይም። የአስተናጋጁ ቤት ልጅ ነሽ። ሽርጥሽን አስረሽ ከእናትሽ ጋር ወጥ ቤት ትቆሚያለሽ፣ ሾርባ ትጨልፊያለሽ፣ ሳሕን ታጥቢያለሽ። እውነቱን የማወራው ስሙ ከመጠራቱ በፊት ነው። አስተዋዋቂው በወረቀቱ ላይ አልያዘውም፣ አልነገርኩትም።

ባሕሩ በሰላም ያሻግርሽ። እግዚአብሔር ለእናትሽ ያቆይሽ። ከታች ስሜን አልጻፍኩም፤ ቅዳሜ ማታ ምን ተብዬ እንደምጠራ አላውቅም። የወጥ ቤቱ በር ከባድ ነው፣ ካልያዙት ራሱ ይዘጋል። ስነሳ ውሃውን አቁሚና በሩን በእግርሽ ያዢው።

አጎትሽ